ምን ልጨምርልዎ?

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ጋሽ ጨምሩበትና ልጅቷ ያን ሁሉ ክርክር ባልተከራከሩ ነበር። አራት ፎቅ በሊፍት ለመውጣት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ በግማሽ ደቂቃ ደግሞ ሰው ሰላምታ እንጂ እውነት አይለዋወጥም። ያን ቀን ጠዋት ግን የሊፍቱ በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስለ ነበር፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ነጋዴ የደረጃውን ብረት ይዘው መውጣት ጀመሩ። ሁለተኛውን ፎቅ አልፈው መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው በቃኝ አላቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ጋሽ ጨምሩበት የሚለውን ስም ያወጡላቸው እናት አባታቸው አይደሉም፤ ገበያ ነው። በወጣትነታቸው መርፌና ክር፣ ማበጠሪያና ቁልፍ የሞላበት ሣጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲዞሩ፣ ገዢው አንድ ነገር አንሥቶ ሊሄድ ሲል «ጨምሩበት እንጂ፤ አንድ ብቻውን ምን ያደርጋል?» ይሉት ነበር። ሣጥኑ ኪዮስክ፣ ኪዮስኩ ሱቅ፣ ሱቁም አምስት መክፈያ ጠረጴዛ ያለው መደብር ሆነ፤ ስሙም አብሯቸው አደገ። ዛሬ መደብሩን የሚያስተዳድረው የልጃቸው ባል ነው። እሳቸው በሳምንት አንድ ቀን በጓሮ በር ይገባሉ፣ ወረቀት ይፈርማሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ይቆጣሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ መልካቸውን አያውቁትም።

ያን ቀን ጠዋትም ኮታቸው ኪስ ውስጥ ፊርማ የሚጠብቅ ደብዳቤ ነበር፤ «ገንዘብ ተቀባይ ቁጥር አራት» የምትባል ሠራተኛ እንድትሰናበት የሚል። ወደ መደብሩ ሊሄዱ ሲነሡ ግን ባለቤታቸው በቁርስ ላይ «እኅትህን ካየሃቸው ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብለው አፋጠጧቸው። ቢያስቡት አራት ወር። እኚህ ታላቅ እኅታቸው፣ እናታቸው ሲሞቱ የስድስት ዓመቱን ወንድማቸውን ተረክበው እናት ሆነው ያሳደጉ ናቸው። ጋሽ ጨምሩበት አፈሩና መንገዳቸውን ወደ እሳቸው ቤት አጠፉ። ባዶ እጃቸውን መምጣታቸው የታወቃቸው ደረጃው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። አንዲት ወጣት በአንድ ክንዷ ዳቦ ታቅፋ፣ በሌላ እጇ ወተት አንጠልጥላ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች መጣች። ሽማግሌውን ስታይ ቆመች።

«አባባ፣ ደኅና ነዎት? ውኃ ልስጥዎት?»

ውኃውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ሰጠቻቸው፤ እስኪጠጡ ድረስም አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ጨምሩበት ጎንጨት እያሉ ሲያዩዋት ከጃኬቷ ሥር አረንጓዴ ሽርጥ ብቅ ብሎ ታያቸው። የራሳቸው መደብር ሽርጥ ነው፤ ጨርቁን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ማንነታቸውን ሊነግሯት አሰቡና ተዉት። ስለ ዕቃው እውነቱን መስማት የሚፈልግ ነጋዴ ዕቃው የእኔ ነው አይልም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ የት እንደምትሠራና ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቋት።

«ታች ባለው ትልቁ መደብር፣ መክፈያው ላይ ነኝ፤» አለች። «ሥራውስ ደኅና ነው፤ ልመናው ነው የከፋ።»

ጋሽ ጨምሩበትን ውኃው ትን አላቸው። በመደብራቸው ስርቆት ሰምተው ያውቃሉ፤ ጠብም ሰምተው ያውቃሉ፤ ልመና የሚል ቃል ግን ከመደብራቸው ስም ጋር ተጣምሮ ሲነገር መስማታቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ልጅቷ ደንቡን አስረዳቻቸው። ገንዘብ ተቀባይ ለማንኛውም ገዢ ደረሰኙን ከመስጠቷ በፊት ጠረጴዛው አጠገብ ከተደረደረው ዕቃ ሦስት ነገር እያነሣች «ምን ልጨምርልዎ?» ማለት አለባት። ከኋላዋ ተቆጣጣሪ ቆማ ታዳምጣለች። አንድ ገዢ ሳይጠየቅ ካለፈ፣ ሠራተኞች ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ በስሟ ትይዩ ቀይ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቡ አሥር ሲሞላ ስንብት ነው። ቃሉ አፏ ላይ ከመልመዱ የተነሣ እቤት ለታናሽ ወንድሟ ምግብ ስታቀርብ እንኳ ሦስት ጊዜ «ልጨምርልህ?» እንደምትለውና እሱም «ደረሰኜን ስጪኝና ልሂድ» እያለ እንደሚያሾፍባት ነገረቻቸው። እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርስ ግን አልሳቀችም።

ጋሽ ጨምሩበት ደንቡን ከእሷ አልተማሩትም። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ትልልቅ መደብሮች እንዲህ ያደርጋሉ የሚል ወሬ ከአንድ አስመጪ ሰሙ፤ የወጣትነት ሙያቸው በሰለጠነው ዓለም ዘንድ የተከበረ መሰላቸውና እጅግ ደስ አላቸው። ደንቡን ሲያወጡ አንዲትም ገንዘብ ተቀባይ አላማከሩም።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ እኔም በዘመኔ ነግጃለሁ፤» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ገዢ አስታዋሽ የሚፈልግ ፍጥረት ነው። መርፌ የገዛውን ሰው ክርስ አለህ ወይ ባልለው ኖሮ ቤቱ ገብቶ መርፌውን ታቅፎ ይቀመጥ ነበር። ይህ ልመና ነው? ይህስ ደግነት ነው።»

«እውነትዎን ነው አባባ፤ እሱ ደግነት ነው። እንደዚያ ያለውንማ እኔም ማንም ሳያዘኝ እጠይቃለሁ። ግን እርስዎ ክር አለህ ወይ ሲሉ የሚያዩት ሰውየውን ነበር። እኔ ሰውየውን እንዳይ አልተፈቀደልኝም፤ የማየው ሰሌዳውን ነው። ወተት የገዛም ይምጣ፣ መጥረጊያ የገዛም ይምጣ፣ የምለው ያው ምላጭ፣ የጫማ ቀለም፣ ማስቲካ ነው። ከወር በፊት አንድ ሰው ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ሻማ ሊገዛ መጣ። ሐዘን ላይ መሆኑን ማንም ያውቃል። ማስቲካ ልጨምርልዎ አልኩት።»

«አልሽው?»

«ተቆጣጣሪዋ ከኋላዬ ናት፤ ነጥቤም ያኔ ሰባት ደርሶ ነበር። አልኩት። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ቀና ብሎ አየኝና ሻማውን ትቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም።»

ጋሽ ጨምሩበት ደነገጡ። ቢሆንም ዕድሜ ልኩን የተከራከረ ምላስ በአንድ ቀን አይሰንፍም። አንድ ሰው አዝኖ ቢሄድ መቶው ጨምሮ ይገዛል፤ ንግድ ደግሞ በመቶው ነው እንጂ በአንዱ አይተዳደርም፤ ማንም ማንንም በግድ አላስገዛም፤ ገዢም አፍ አለው፣ አልፈልግም ማለት ይችላል አሉ። ይህን ሲናገሩ ልበ ሙሉ ነበሩ፤ መልስ የማይገኝለት ነገር መስሏቸዋል።

ልጅቷ ዳቦውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ትምህርቷን በማታው ክፍል ልትጨርስ የቀራት አንድ ዓመት ነው፤ የምታጠናውም ስለ ንግድ ነው። ነገር ግን የመለሰችላቸው ከመጽሐፍ አልነበረም።

«አባባ፣ እምቢ ማለት ለሁሉም እኩል አይቀልም። ደፋሩ ሰው ገና አፌን ሳልከፍት እጁን አወናጭፎ፣ አንዳንዱም ሰድቦኝ ያልፋል። እሱን ደንቡ አይነካውም። ይሉኝታ ያለበት ግን፣ የሰው ፊት ማጥቆር የማይወደው፣ ወጣት ልጅ ስትጠይቀው ዝም ብሎ ማለፍ የሚያሳፍረው፣ እሱ ይገዛል። እንግዲህ ይዩት፤ ክፉው በነፃ ያልፋል፣ ደጉ ይቀጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቆም ያየሁት ይህንን ነው። እኛ የምንኖረው በሰው ደግነት ላይ በጣልነው መቀጫ ነው።»

ይህ ቃል ልባቸውን ወጋቸው። በልባቸው ግን ልጆች ሲማሩ አነጋገር እንደሚያሳምሩ፣ አነጋገር ያሳመረ ሁሉ ደግሞ ልክ እንዳልሆነ አሰቡ። ስለዚህ ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው አሉና፣ በምላጭና በጫማ ቀለም የተጎዳ ሰው አይታ እንደሆነ እንድትነግራቸው ጠየቋት።

«አይቻለሁ፤» አለች ልጅቷ ወዲያው። «አንዲት እናት አሉ። ሰማንያ የሚያልፉ ይመስለኛል። በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ፤ ዳቦና ወተት ነው የሚገዙት፣ ሌላ ምንም። ሦስቱን ስጠይቃቸው ሦስቱንም ይወስዳሉ። አንድ ቀን ሦስቱን ጠርቼ፣ እሳቸውም እሺ ብለው፣ ሲከፍሉ የያዙት ገንዘብ አልበቃ አላቸው። ቦርሳቸውን ደጋግመው ፈተሹ። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና ምላጩን ይዘው ሄዱ።»

«ዳቦውን መልሰው?»

«ዳቦውን መልሰው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ምላጩ ምን ያደርግላቸዋል? ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸውን መጠየቅ ተውኩ። ቀጥሎ አረጋውያንን ሁሉ ተውኩ። ቀጥሎም ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ አሥሩ ነጥብ ሞላ። ዛሬ ነገ ደብዳቤ ይደርስሻል ብለውኛል። በመደብሩ ቁጥር አራት የምባለው እኔ ነኝ።»

የጋሽ ጨምሩበት እጅ ሳያዙት ወደ ኮታቸው ኪስ ሄደ። ወረቀቱ እዚያው ነበር። ያን ጊዜ ባለመደብሩ እኔ ነኝ ቢሉ ትልቅ ሰው በሆኑ ነበር። አላሉም። ያሉት ደረጃው እንዳይመሽባቸው መቀጠል እንደሚሻል ነው፤ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት አልሞላም።

ልጅቷ ክንዳቸውን ደግፋ ተያይዘው ወጡ። እየወጡም ዳቦና ወተቱ ለማን እንደሆነ ጠየቋት። ለእኒያው እናት እንደሆነ፣ ሁለት ሳምንት ከመደብሩ ስለ ቀሩባት ሐሳብ ገብቷት ከሥራ በፊት ልትጠይቃቸው እንደመጣች፣ ቤታቸውንም የምታውቀው አንድ ቀን የመደብሩ በር ላይ ተደናቅፈው ሲወድቁ ደግፋ ስላደረሰቻቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። በዚህ ሁኔታ አራተኛው ፎቅ ደረሱ። ጋሽ ጨምሩበት ልጅቷ በቀኝ በኩል ወዳሉት በሮች እንደምትሄድ ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ወደ ግራ ዞረች፤ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠውን፣ መጥሪያው የማይሠራውን በር አንኳኳች።

የእኅታቸው በር ነው።

ጋሽ ጨምሩበት ቆመው ቀሩ። ሰው በድንጋጤ ውኃ ሆነ ሲባል ይሰሙ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

በሩ ተከፈተ። እኅታቸው በእጃቸው ላይ የሟች ባላቸውን ትልቅ የወንድ ሰዓት እንዳሰሩ፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ብቅ አሉ። ልጅቷ «እንደምን አደሩ እማማ?» ስትል በድምጿ ለዩአት፤ «አንቺ ነሽ ልጄ?» አሉና ወደ ወንድማቸው አፍጥጠው አዩ። አዩአቸው፤ ግን አላወቋቸውም።

«አብሮሽ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፤» አሉ ጋሽ ጨምሩበት። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰላቸው።

እኅትዬው ደስታቸውን መቻል አቃታቸው። ሁለቱንም እየጎተቱ አስገቡ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ ሥር አልጋ፣ ከአልጋው ትይዩ ቁምሳጥን፣ በመጋረጃ የተከለለች ጥግ ውስጥ ምድጃ። ልጅቷ ሻይ ላፍላ አለች። ስኳሩ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው ተባለችና ሄዳ በሩን ስትስበው፣ ከውስጥ የታጨቀው ሁሉ እላይዋ ላይ ተናደ። ምላጭ ነው፣ የጫማ ቀለም ነው፣ ባትሪ ድንጋይ ነው፣ ማስቲካ ነው፣ የሲጋራ መለኮሻ ነው፣ የሕፃን ፓውደር ነው። ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ አንዱ የጫማ ቀለም እየተሽከረከረ መጥቶ የጋሽ ጨምሩበት ጫማ ሥር ቆመ። አነሡት። የመደብራቸው ዋጋ ተለጥፎበታል።

እኅትዬው ደነገጡ፤ እንደ ተያዘ ሌባ። ልጅቷን «ግድ የለም፣ አንቺ ሻዩን ጣጂው» ብለው ወደ መጋረጃው ሰደዷትና የወንድማቸውን እጅ ይዘው አልጋው ላይ አስቀመጧቸው። ልጅቷ የማትሰማ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለማንም አልተናገርኩም፤» አሉ። «ገበያ እንደጠፋብህ አውቃለሁ። ሚስትህም እንዳታውቅብህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«የምን ገበያ እትዬ?»

«አትደብቀኝ ወንድሜ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ። ሣጥን ተሸክመህ ስትዞር ዕቃህ በደንብ የተሸጠ ቀን ዝም ብለህ ነበር የምትገባው። ምንም ያልሸጥክ ቀን ግን ድምፅህ ከመንገድ ማዶ ይሰማኝ ነበር፤ ጨምሩበት፣ ጨምሩበት እያልክ ሰውን የምትለምነው ያን ቀን ነው። አሁን መደብርህ ስሄድ ልጆቹ በሙሉ እንደዚያ ሆኑብኝ። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ይህን ልጨምርልዎ፣ ይህንንስ ይላሉ። ከኋላቸውም አንዷ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ወንድሜ ሊወድቅ ነው፣ ልጆቹን ሰው እስኪያስለምን ደረሰ ብዬ አለቀስኩ። ብጠይቅህ ታፍራለህ። ስለዚህ ያሉኝን ሁሉ ወሰድኩ። ምን ላድርግ? አቅሜ ያ ነው።»

ጋሽ ጨምሩበት የተላጠውን ግድግዳ አዩ፣ ወለሉ ላይ የተበተነውን ዕቃ አዩ፤ ከዚያም የእኅታቸውን ፊት አተኩረው ሲያዩ በሩ ላይ ያልገባቸው ነገር ገባቸው። ግራ ዓይናቸው ላይ ስስ ደመና የመሰለ ነገር ተጋርዷል። ሐኪም ማታ ማታ የዓይን ጠብታ አዞላቸው እንደ ነበር ትዝ አላቸውና፣ ጠብታው የት እንዳለ ጠየቁ።

«ጠብታው ይደርሳል፤» አሉ እኅትዬው እንደ ቀላል ነገር። «አንተ ስትነሣ እገዛዋለሁ ብዬ ነው። አራት ወር ቢሆነው ነው። አሁን በግራው ብዙ አላይም፤ ቀኙ ግን ደኅና ነው፣ አትጨነቅ። ከመደብሩ የቀረሁትም ለዚህ ነው፤ መኪናው ከየት እንደሚመጣ አልታይ አለኝ። ስላልመጣሁ ገበያው ከፋብህ እንዴ?»

ንግድ ከጀመሩ ጀምሮ ዕቃቸው ማን ቤት ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው አያውቁም። ለካ ከሚሸጡት ምላጭ አንዱ የገዛ እኅታቸው ዓይን ዋጋ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ በሌላ ሰው ተርተውታል።

«እትዬ፤» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አልቸገረኝም። መደብሩ ሙሉ ነው። ገበያውም ደኅና ነው። አንድም ቀን አልጎደለብኝም።»

እኅትዬው እጃቸውን ከወንድማቸው እጅ ላይ ቀስ አድርገው አነሡ።

«ካልቸገረህ ልጆቹን ምን አስለመናቸው?»

ይህን የጠየቁት በቁጣ አይደለም፤ ስላልገባቸው ነው። ልጅቷ ደረጃው ላይ የደረደረችው ማስረጃ ሁሉ ጋሽ ጨምሩበትን አላንበረከካቸውም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቃሏ መልስ ነበራቸው። ይህች ጥያቄ ግን አንበረከከቻቸው። ባትቸገርም ጨምር ብሎ የሚያስለምን ነገር ምን ይባላል? ስሙን ያውቁታል፤ እኅታቸው ፊት ሊጠሩት አልደፈሩም።

መጋረጃው ተገለጠ። ልጅቷ ሦስት ብርጭቆ በትሪ ይዛ ቆማ ነበር። የሰማችው ሁሉ ፊቷ ላይ ተጽፏል፤ የሽማግሌው ማንነትም እንደገባት ያስታውቃል። ትሪውን አልጋው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ብርጭቆውን እየሰጠቻቸው ከልማድ የተነሣ «ስኳር ልጨም—» ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ጋሽ ጨምሩበት ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። «ባለመደብሩ እኔ ነኝ ልጄ። ይህ ያንቺ ደብዳቤ ነበር። ደረጃው ላይ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ፈራሁ።»

ልጅቷ ወረቀቱን አልተቀበለችም፣ አላለቀሰችም፣ አልለመነችምም። እኅትዬው ግን እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱት፤ ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ሊያነቡት ሞከሩና ሲያቅታቸው አራት ቦታ አጥፈው፣ ሲንገዳገድ በኖረው ጠረጴዛ እግር ሥር አስገቡት። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ረጅም ነው። ጋሽ ጨምሩበት ልጅቷን እንደ አማካሪ ጠየቋት፤ እሷም ሳትፈራ መለሰች። መጀመሪያ ሰሌዳው ይውረድ፤ ሰሌዳው ካለ ሠራተኛ ገዢውን አያይም አለች። ቀጥሎ ተቆጣጣሪዋ ከጀርባ ቆማ ከምታዳምጥ የደከመ ሰው ዕቃ ትሸከም። ደግሞም ገንዘብ ተቀባይ ልቧ የነገራትን ትጠይቅ፤ መርፌ ለገዛ ክር፣ መጥረጊያ ለገዛ ዘንግ፣ ሐዘን ላይ ላለው ሰው ዝምታ። ጋሽ ጨምሩበት የመጨረሻ ጥርጣሬያቸውን አቀረቡ፤ መደብሩ በዚህ ቢጎዳስ?

«መደብርህ የሚኖረው በእኔ የጫማ ቀለም ከሆነ፣» አሉ እኅትዬው ሻያቸውን እየጠጡ፣ «ዛሬውኑ ይዘጋ። ጫማዬም ሸራ ነው።»

እንዲህም ሆነ። ነገሩ ሁሉ ወዲያው አላማረም። የልጃቸው ባል አንድ ወር አኮረፈ፤ ምላጩም መደርደሪያው ላይ አቧራ ለበሰ። ከወራት በኋላ ግን ማንም ዓይን ያለው ሰው ልዩነቱን ያይ ጀመር። ሰልፉ አጠረ፤ እያንዳንዱ ገዢ ሦስት ጊዜ አይጠየቅምና። መንገድ ማዶ ወዳለችው ትንሽ ሱቅ የሸሹት ደንበኞች አንድ በአንድ ተመለሱ። ገንዘብ ተቀባዮቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ድምፃቸው አይሰልልም፤ ገዢም ሲጠየቅ አይሸሽም፤ የሚጠየቀው ለእሱ ተብሎ እንደሆነ ያውቃልና። ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ የአምስቱም ጠረጴዛ ኃላፊ ሆነች። ከዚህ የሚማር ነጋዴ ካለ ይማር። ገዢን ጨምር ብለው ሲገፉት አንድ ቀን ይጨምራል፤ ሲያከብሩት ግን ዕድሜውን ሙሉ ይመጣል። ሠራተኛም ሰው እንድታይ ከተፈቀደላት ከየትኛውም ሰሌዳ የበለጠ ትሸጣለች።

ስለ ዓይኑ ሐኪሙ የተናገረው ግን ሌላ ነው። ቀኙን ጠብታው ያቆየዋል፤ የግራው የሄደው አይመለስም አለ።

አንድ ቀን ጠዋት እኅትዬው ከወራት በኋላ በዱላቸው እየተመሩ ወደ መደብሩ መጡ። ጋሽ ጨምሩበት አሁን በፊት ለፊቱ በር ነው የሚገቡት፤ ከመክፈያው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ጎን ቆመው አዩአቸው። እኅትዬው ዳቦና ወተቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ልጅቷ ደረሰኙን ሰጠቻቸው። አልሄዱም፤ ጥያቄዎቹን ይጠብቃሉ።

«ምንም አልጠየቅሽኝም እኮ፤» አሉ።

«የሚያስፈልግዎትን እርስዎ ያውቁታል እማማ።»

እኅትዬው ጥቂት አሰቡ። «እውነትሽን ነው። ሳሙና ጨምሪልኝ፤ ዛሬ ጠዋት አልቆብኛል።»

ጋሽ ጨምሩበት ዕድሜ ልካቸውን ጨምሩበት ሲሉ ኖረዋል፤ ጨምሪልኝ የሚል ቃል ከገዢ አፍ ሲወጣ ልብ ብለው ሲሰሙ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቷ ልታመጣ ስትል በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀሯትና ሳሙናውን ራሳቸው ከመደርደሪያው አንሥተው፣ እኅታቸው በማያዩበት በግራ በኩል ቀርበው እጃቸው ላይ አኖሩት።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፤» አሏቸው እኅታቸው፣ ማን እንደሆነ ሳያዩ።